የቱ ፓንቹ?

ሮተርዳም፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1996

ለተከበሩ ለአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ለአናዲናት ቦራል

ጄቱ፣ የቢጆያ፣ የዱርጋ በዓል መዝጊያ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከሩቅ ሆኜ እግርዎን እዳስሳለሁ። የአምላካችን የእናታችን የዱርጋ ምስል ወንዝ ከወረደ ሳምንት አልፏል። ደብዳቤው የዘገየው በእኔ ሳይሆን በምጠግነው በአንድ የግሪክ መርከብ ሞተር ጥፋት ነው። በበዓሉ ማግስት የሚታቀፍ ዘመድ ስላጣሁ አከራዬን ወይዘሮ ቴርሉንን ደረጃው ላይ አቀፍኳት። «ምን ሆንክ? ሰው ሞተብህ እንዴ?» አለችኝ።

ልጅዎ፣ እህቴ ኬተኪ ዲዲ የላከቻቸው የጋዜጣ ቁራጮች ደርሰውኛል። ዓምድዎን «ከደጃፉ»ን ባቡር ላይ አነበብኩት። ልማድ ሆኖብኝ የእርስዎን ዓምድ ከታች ወደ ላይ ነው የማነበው፤ መጀመሪያ ኳሱን፣ ኋላ ዜናውን። ክለባችን ሱታኑቲ በግማሽ ፍጻሜው እንዴት ጎል እንደገባበት ሲጽፉ፣ የግብ ጠባቂያችን የግራ ጓንት ማሰሪያ ተፈትቶ እንደነበር፣ እሱም በጥርሱ ሊያጠብቀው ሲታገል ኳሷ እንዳለፈችው አስቀምጠዋል። ይህን ሌላ ጋዜጠኛ አላየም። እርስዎ በሰባ አንድ ዓመትዎ ከጥላ ፎቅ ሆነው የጓንት ማሰሪያ ያያሉ፤ እኔ በአርባዬ ብሎን በመነጽር እፈልጋለሁ።

በዜናው ግን እንደተለመደው አልተስማማንም። ከፓርላማው መቀመጫ አንድ ሦስተኛው ለሴቶች ይሁን ስለሚለው ረቂቅ ሕግ «በበር መግባት ያቃተው በመስኮት ይገባል» ብለዋል። ወይዘሮ ቴርሉን ይህን ብትሰማ ኪራዬን ትጨምርብኝ ነበር። ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ በየሳምንቱ ስታዲየም ትገባለች። ዳኛውን የምትሰድብበትን ስድብ የእኛ ሽማግሌዎች ቢሰሙት ሊመዘግቡት እስክሪብቶ ያወጡ ነበር።

ባለፈው እሑድ እኔንም ወሰዱኝ። ጎሉ የተቆጠረው በአጥቂው ጉልበት ነው፤ ልጁ እንዳገባ ያወቀው ሲያቅፉት ይመስለኛል። ሳላስበው «ፓንቹ! ፓንቹ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስንመለስ ለወይዘሮዋ ነገርኳት፦ በ1958 ፓንቹ ዳራ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ባለበት ኳስ መቀመጫውን መትታ ጎል እንደገባች፣ እርስዎም በማግስቱ «ፓንቹ ጎሉን ያየው በጀርባው ነው» ብለው እንደጻፉ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ያግባው ማን፣ ሱታኑቲ አስቀያሚ ጎል ባገኘ ቁጥር ጥላ ፎቁ «ፓንቹ!» እንደሚል። «አጎትህ ትልቅ ሰው ነው» አለች። አልካድኩም።

ለዲዲ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለእርስዎ ጤናና የሻምፒዮንነት ዋንጫ እመኛለሁ።

ታዛዥ ልጅዎ ሳምቢት


ኮልካታ፣ ባግባዛር፣ ኖቬምበር 13 ቀን 1996

ለልጄ ለሳምቢት

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥህ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። የቢጆያ ደብዳቤህ ከካሊ በዓል በኋላ ደረሰ። አባትህ ነፍሱን ይማርና «ከካሊ በኋላ የመጣ ሰላምታ፣ ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ የመጣ ዘፋኝ ነው» ይል ነበር። እኔ ግን መርቄ ተቀብየዋለሁ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የአባልነት ካርዳችንን ታውቃለህ፤ ቁጥር 412። አያቴ ክለቡ ገና አንድ ድንኳንና ሁለት ኳስ በነበረው ጊዜ ያወጣው ነው። ከእሱ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እኔ መጣ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ካርድ ለወንድ ልጅ ይተላለፋል፣ ወንድ ልጅ ከሌለ ለወንድም ልጅ። ወራሽ ነኝ ብሎ የሚፈርም ከጠፋ ካርዱ ከባለቤቱ ጋር ይሞታል። ስለዚህ ካርዱ ያንተ ነው። ቅጹን በውስጡ አድርጌልሃለሁ፤ ፈርመህ ዓመቱ ሳያልቅ መልስልኝ።

ምን አስቸኮለዎ ትለኝ ይሆናል። ጃንዋሪ 12 ቀን ጠቅላላ ጉባኤ አለ። አንዳንድ ወጣት አባላት ሴት ልጆችም ካርድ ይውረሱ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ዴልሂ ላይ የተጀመረው ነገር ጥላ ፎቃችን ደረሰ ማለት ነው። እቃወማለሁ፤ በዓምዴም በክለቡ ድንኳንም። ልብ በል፣ የምቃወመው ሴቶችን አይደለም፤ ችኮላን ነው። መለያችን ላይ የብስኩት ድርጅት ስም ተለጥፏል። ጨዋታውን ለቴሌቪዥን ሲሉ ወደ ምሽት ሊያዛውሩት ነው። የኬብል ሽቦ እንደ ሐረግ በየመስኮቱ ገብቷል። በመካከሉ አንዲት ነገር እንኳ አያቶቻችን ባስቀመጧት ቦታ ትቆይ ብል ምን አጠፋሁ? ቤት የሚቆመው ምሰሶው ሁሉ ስላማረ አይደለም፤ ማንም ስላልነቀነቀው ነው።

ኬተኪ ደህና ናት፤ ጂኦግራፊዋን ታስተምራለች። በጨዋታ ቀን በእንግዳ ወንበር ከጎኔ ተቀምጣ ፍላስኬንና ጃንጥላዬን ትይዝልኛለች። ስለ ካርዱ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ አይከለከልም።

ክለባችን ከባንኩራ አንድ ግራ እግረኛ ልጅ አምጥቷል። ስሙ ፓንቻናን ነው፤ እናቱ ይቅር ትበለንና እሱንም ፓንቹ እያሉ ይጠሩታል። ኳስ እግሩ ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች። አሠልጣኙ ግን ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ ያደርቀዋል። ይህ ልጅ በደርቢው ቀን በተቀናቃኞቻችን በማዶዎቹ ላይ ሲያገባ ሳላይ እንዳልሞት እጸልያለሁ።

ቅጹን አትርሳ።

መራቂህ አናዲናት


ሮተርዳም፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1996

ለተከበሩ ለጄቱ

እግርዎን እዳስሳለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? እዚህ ዝናቡ ከጎን ነው የሚመጣው፤ ጃንጥላ አያድነውም።

ካርዱን ለእኔ በማሰብዎ ክብር ተሰምቶኛል። ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እንዳልፈርም የያዘኝ ነገር ስንፍና አይደለም። ጄቱ፣ እኔ ሱታኑቲን በሜዳ ካየሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ዛሬ የቀኝ ተከላካያችንን ስም ቢጠይቁኝ የማውቀው ከእርስዎ ዓምድ ነው። ያ ወንበር በስሜ ባዶውን ቢቀመጥ ማን ይጠቀማል? ከእኔ ይልቅ የሚቀርብ ሰው የለም ወይ? ይህን እንደ ጥያቄ ይቁጠሩልኝ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ ካስቀየምኩዎ ይቅርታ። በኖቬምበሩ ዓምድዎ የክንፍ ተጫዋቻችን ጉዳቱን እንዴት እንደሚደብቅ ሲጽፉ «ውኃ የተሸከመች ሴት እንስራውን ከአንዱ ዳሌ ወደ ሌላው ስታዛውር እንደምታደርገው ክብደቱን ይቀይራል» ብለዋል። ድንቅ ነው። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያነበብኩት አናዲናት ቦራል ተጫዋችን የሚያመሳስለው ከጋሪ፣ ከትራም፣ ከፍርድ ቤት ጸሐፊ ጋር ነበር። እንስራ ከየት መጣ?

የዓይን ሐኪሙ ምን አለ? ባለፈው ደብዳቤዎ ላይ ሦስት ቦታ መስመር በመስመር ላይ ወጥቷል። የቤቴን ቁጥር አራቱን ደግሞ ዘጠኝ አስመስለውት ፖስታው ጎረቤት ቤት ገብቶ ነው ያገኘሁት።

ዲዲን ሳሙልኝ።

ልጅዎ ሳምቢት


ኮልካታ፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1996

ለሳምቢት

ጤና ይስጥህ።

ዓይኔ ደህና ነው። ብዕሩ ነው የቆየው። እንስራውም የእኔ ነው፤ ሰው ሲያረጅ የእናቱን ቤት ነገር ያስታውሳል። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ነኝ፤ የወንድሜ ልጅ ከሮተርዳም ሊያርመኝ አይገባም።

የጠየቅኩህ ፊርማ ነው። የላክህልኝ ጥያቄ ነው።

ዓምዱ ማክሰኞ ወጥቷል። ርዕሱ «ደጃፍ ደጃፍ ይሁን» ነው። ኬተኪ እንደ ወትሮው ቆርጣ እንደማትልክልህ ስለገመትኩ ፍሬ ነገሩን ልጻፍልህ። እንዲህ ብያለሁ፦ «ጥላ ፎቅ ማለት ወንበር አይደለም፤ ተራ ነው። አባት ይቀመጣል፣ ልጅ ቆሞ ይማራል፣ አባት ሲያልፍ ልጅ ይቀመጣል። ይህን ተራ የሚያፈርስ ሰው አዲስ በር አልከፈተም፤ ግድግዳውን ነው ያነሳው። እንግዳ ክቡር ነው፤ ክብሩ ግን እንግዳ በመሆኑ ነው።» ትራም ላይ ሁለት ሰው እጄን ጨበጠኝ። የክለቡ ጸሐፊ ላሂሪ ደውሎ «ታላቅ ወንድሜ አናዲ-ዳ፣ ጉባኤውን ጨረስክልን» አለኝ።

ማክሰኞ ማታ ገበታ ላይ ኬተኪ ምስሩን ጨልፋልኝ ተቀመጠች።

«አባባ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጥሩ ናት» አለች።

«የቷ?»

«‘እንግዳ ክቡር ነው’ የምትለዋ። አንድ ቃል አይነሳባትም።»

«ስለ አንቺ አይደለም የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ። ስለ እኔ ብትጽፍማ ምን እንደምሠራ ትጽፍ ነበር።» ሳህኗን አነሳች። «ከእንግዲህ ፍላስክህን ራስህ ተሸከም።»

ይኸው ነው። አልጮኸችም፣ በር አልዘጋችም። ጠዋት ጠዋት ሻዬን ታስቀምጣለች። የትናንቱ ጨዋታ ላይ ግን አልመጣችም፤ የደርቢውም ቀን፣ ዲሴምበር 22፣ እንደማትመጣ ተረድቻለሁ። ብቻዬን እሄዳለሁ። ከአባቴ ጋር መሄድ የጀመርኩት እሷ ሳትወለድ ነው።

ቅጹን በመልስ ፖስታ እጠብቃለሁ።

አናዲናት


ኮልካታ፣ ዲሴምበር 23 ቀን 1996

ልጄ ሳምቢት

መልስህን ሳልጠብቅ ነው የምጽፍልህ፤ ደስታ ሲመጣ ቂም ቦታ ይለቃል። አሸነፍን! አንድ ለዜሮ! ያገባውም ማን መሰለህ? ያ የባንኩራው ልጅ፣ ፓንቹ!

ሙሉው ነገ በጋዜጣ ይወጣል። ጽሑፉን ከሜዳው በቀጥታ ማተሚያ ቤት አደረስኩት፤ እንደ ድሮው። ከግራ መስመር የመጣውን ኳስ በደረቱ አቁሞ፣ ተከላካዩን ወደ ውስጥ አታልሎ፣ በግራ እግሩ ከጠባቂው በስተቀኝ አኖራት። ጥላ ፎቁ «ፓንቹ! ፓንቹ!» ብሎ ሊፈርስ ደረሰ። አጠገቤ የተቀመጠውን ወዳጄን ጎሳይንን ላረጋግጥ ብዬ «የማን ነው?» አልኩት። «ፓንቹ ነዋ! ሌላ ማን ይሆናል!» ብሎ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። የማዶዎቹ የድል ምግብ፣ አያቶቻቸው ከወንዙ ማዶ ሲመጡ ያመጡት ኢሊሽ ዓሣ፣ ትናንት ማታ ገበያ ላይ ረክሶ ነበር፤ የእኛ የድል ምግብ ሽሪምፕ ግን ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ገዛሁ።

ማታ ለኬተኪ ነገርኳት። እጇ ድስቱ ላይ ቆመ።

«ፓንቹ ነው ያገባው?» አለችኝ።

«ፓንቹ ነዋ!»

ድስቱን አውርዳ ገበታው ላይ አቀረበች። ከዚያ ከራሷ ሳህን ትልቁን ሽሪምፕ አንስታ እኔ ሳህን ላይ አደረገችልኝ። እየበረደላት ይመስለኛል።

ያለ ፍላስክም ይኖራል፣ ልጄ። ቅጹን።

አናዲናት


ሮተርዳም፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 1997

ለተከበሩ ለጄቱ

እግርዎን እዳስሳለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጀመር ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ትናንት ከዲዲ ፖስታ መጣ። በውስጡ ሁለት ቁራጭ ብቻ ነበር። ደብዳቤ የለም፤ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ ነገር የለም። አንደኛው የእርስዎ ዓምድ ነው። ሁለተኛው የሌላ ጋዜጣ የስፖርት ገጽ ነው፤ ፎቶግራፍ አለው። ከማዕዘን ምት የተሻማው ኳስ የማዶዎቹን ተከላካይ መቀመጫ መትቶ ወደ ራሱ ጎል ሲገባ ያሳያል። ከፎቶው ጥግ ተቀያሪ ወንበሩ ይታያል፤ የባንኩራው ልጅ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ አድርጎ እዚያ ተቀምጧል። ሙሉውን ጨዋታ አልገባም።

«ፓንቹ!» ብለው የጮኹት የእርስዎን ፓንቹ ነው፣ ጄቱ። የ1958ቱን። እርስዎ የፈጠሩትን።

ይህን ሰፈሩ ሁሉ እንደነገረዎ አውቃለሁ። የምጽፈው ላሳፍርዎ አይደለም። ዓይንዎ መቼ እንደሄደ አላውቅም፤ የጓንቱን ማሰሪያ ያየው፣ እንስራውን ያመጣው ማን እንደሆነ ግን አሁን አውቃለሁ። እርስዎም ያውቃሉ። ፍላስክ ለመሸከም እኮ የዲዲ ሁለት ዓይን አያስፈልግም ነበር።

ስለዚህ በግልጽ ልናገር። ቅጹን አልፈርምም። ካርዱን ስለናቅኩ አይደለም። እኔ ካልፈረምኩ ደንቡ እንደሚለው 412 ከእርስዎ ጋር ይሞታል፤ እንዲኖር ከፈለጉ የሚወርሰው አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም በጉባኤው ድምፅ። ጨካኝ ነህ ይበሉኝ። እርስዎን ጥግ ያስያዝኩበት ቀን እንዳለ አባቴ ቢሰማ በጥፊ ይለኝ ነበር። ግን ከዚህ ሌላ በሩቅ ያለ ሰው የሚይዘው ነገር የለውም።

ደብዳቤው ከ12ኛው ቀን በፊት እንዲደርስ በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ። መልስዎን በፍርሃት እጠብቃለሁ።

ሁልጊዜም ልጅዎ
ሳምቢት


ኮልካታ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1997

ለልጄ ለሳምቢት

በረከቴ ይድረስህ። መስመሮቹ ዛሬ ቀጥ ያሉት የምትጽፈው ኬተኪ ስለሆነች ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ የማትስማማበት ቦታ ላይ ብዕሩ ሲዘገይ ይሰማኛል።

ፈጣን ፖስታህ የደረሰው ጃንዋሪ 14 ቀን ነው። ጉባኤው ካለፈ በኋላ። ይህን የምነግርህ አስገድጄው አደረገ እንዳትል ነው። ማንም አላስገደደኝም። ከደርቢው በኋላ ባሉት ቀናት የዓሣ ገበያው ሳቅ በቂ ነበር። ሻጩ «አናዲ-ዳ፣ ሽሪምፑን ፓንቹ ይላጥልዎ?» ይላል። ማዶዎቹ የትራም ማቆሚያው ግድግዳ ላይ ትልቅ መነጽር ሣሉ፤ ሥዕሉ ጥሩ ነው ይላሉ። አዘጋጁ ጠርቶኝ ሻይ አዘዘልኝ። ለሠላሳ ዓመት ሻይ አዞልኝ የማያውቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ ገባኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ኬተኪን ጠየቅኳት። «ሬዲዮ ሰምተሽ ነበር። ገበታ ላይ እያለን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጽሑፉን አስረክበህ ነበር የመጣኸው» አለች።

«ብትነግሪኝ በታክሲ እሮጥ ነበር።»

«ፍላስክህን ራስህ ተሸከም አላልኩህም?» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ሽሪምፑን እንዲህ ደስ ብሎህ ስትበላ አይቼህ ስለማላውቅ ነው፣ አባባ። አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ።»

(ይህን ጻፊ አላልኳትም ይላል። ብሏል። — ኬ.)

ጉባኤው ድንኳኑ ውስጥ ነበር። ሴት ስለማይገባ ኬተኪ እስከ ሸራው በር አደረሰችኝ፤ ጎሳይን ተቀበለኝ። እጄን አንስቼ ስቆም ከኋላ «ፓንቹ! ፓንቹ!» አሉ። እስኪጨርሱ ቆምኩ። ከዚያ የተናገርኩት ይህ ነው፤ አልረዘመም።

«ወንድሞቼ፣ እኔ ነገር ሁሉ እንዳለ ይቆይ የምል ሰው ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። ዛሬም ይህንኑ ልል ነው የቆምኩት። ግን ‘እንዳለ’ ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከ1994 ጀምሮ ኳሷን አይቻት አላውቅም። እናንተ ‘ከደጃፉ’ ላይ አንብባችሁ የወደዳችሁትን ሁሉ ያየችው የእንግዳ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ልጄ ናት፤ በጆሮዬ እየነገረች። 412 ቁጥር ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨዋታ ያየው ሰው እሷ ናት። እንግዲህ እንዳለ ይቆይ ካልን፣ እሷ ባለችበት ትቆይ ማለታችን ነው። እኔ አዲስ ነገር አላመጣሁም።»

ዝም አሉ። ጥሩ ዝምታ መስሎኝ ነበር።

ላሂሪ ተነሳ። ትሑት ሰው ነው፤ አልሰደበኝም። «አናዲ-ዳን ሁላችንም እናከብራለን፤ ስለዚህ መልሱን ከራሱ አፍ እንስማ» ብሎ ጋዜጣ ዘረጋ። «ደጃፍ ደጃፍ ይሁን»ን ከርዕሱ እስከ መጨረሻው አነበበው። በቀስታ፣ ነጠላ ሰረዙን እየጠበቀ። ሳምቢት፣ ጥሩ ጽሑፍ ነበር። ቀዳዳ ፈለግኩበት፤ አጣሁ። «እንግዳ ክቡር ነው፤ ክብሩ ግን እንግዳ በመሆኑ ነው» ላይ ሲደርስ አጨበጨቡ።

እጅ ሲያወጡ አላየሁም፤ ሰማሁ። በጃንዋሪ ብርድ ሰው ሁሉ ሻል ለብሷል፤ ክንድ ሲነሳ ሻሉ ይንኮሻኮሻል። የድጋፉ ኮሽታ አጭር ነበር። የተቃውሞው ረዘመ። ከዚያ አንዱ ብልህ ተነስቶ፣ እንግዲያው ነገሩ እንዳይደጋገም የእንግዳ ወንበርም ለወንድ እንግዳ ብቻ ይሁን አለ። እሱም አለፈ። ይህን እንኳ አልጻፍኩም ነበር፤ ግን ከጻፍኩት የሚከተል ነው።

ስወጣ ኬተኪ ሸራው አጠገብ ነበረች። ሸራ ድምፅ አይከለክልም፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«ተሸነፍን» አልኳት።

«በማን?»

«በእኔ።»

ክንዴን ያዘች። እስከ ትራሙ ድረስ እንደያዘችኝ ሄድን።

ሐሳቤን ለወጠ ብለህ ለወይዘሮ ቴርሉን እንዳታወራ። የዴልሂው ረቂቅ ላይ የጻፍኩት እንዳለ ነው። ኬብሉም፣ ብስኩቱም እንዳሉ ናቸው። (ብዕሩ ዘግይቷል። — ኬ.) ነገር ግን አዘጋጁ ዘንድ ሄጄ ዓምዱን ለሁለት ክፈለው አልኩት፤ የላይኛው ግማሽ ዜናው የእኔ፣ የታችኛው ግማሽ ኳሱ የእሷ፣ ሁለቱም በየስማቸው። «ሰው ይስቃል» አለኝ። «እየሳቀ ይገዛል» አልኩት። በመጀመሪያው ሳምንት እሷ ከታች ሆና ከላይ ያለውን ሰውዬ በስም ጠርታ ተቃወመችው። ደብዳቤ እየጎረፈ ነው፤ አብዛኛው ከእሷ ጋር።

ቅጹን አትፈርም፤ አትቅደደውም። ለሚመጣው ዓመት ጉባኤ ለ«ደጃፍ ደጃፍ ይሁን» መልስ እጽፋለሁ። ሌላ ሰው ሊያፈርሰው አይችልም፤ ምሰሶው የት እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ። እስከዚያ ድረስ መሞት የለብኝም፤ በዚህ ረገድ ጸሎትህ ያስፈልገኛል።

ትናንት ጨዋታ ነበር። ካርዱን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ጥላ ፎቁን አለፍነውና ትኬት ቆርጠን ክፍቱ ደረጃ ላይ ወጣን። ፀሐይ አለ፣ የኦቾሎኒ ልጣጭ አለ፣ ወንበር የሚባል የለም። ኬተኪ ጋዜጣ አንጥፋ አስቀመጠችኝ። ፍላስኩን እኔ ነበርኩ የያዝኩት። ከኋላችን የነበረ አንድ ሰውዬ «እቱ፣ ጮክ በይ እንጂ! ለእኛም ይሰማን፤ ምሰሶው ጋርዶናል» አላት። ጮክ አለች። ጥቂት ቆይቶ ሦስት ተራ ሕዝብ ሲያዳምጣት ይሰማኝ ነበር። እኔም ከንግግሯ አንድ ቃል ላርም ብዬ ተውኩት።

ከዕረፍት በኋላ የባንኩራው ልጅ ገባ፤ በመጨረሻ። ስሙ ሲጠራ ሜዳው ሳቀ፤ በእሱ ሳይሆን በእኔ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ትርምስ ሆነ፤ ኬተኪ ዓረፍተ ነገሯን አቋረጠች፤ ከዚያ ደረጃው ሁሉ ተነስቶ «ፓንቹ! ፓንቹ!» አለ። የተገለበጠ ሻይ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ክንዷን ያዝኩ።

«የቱ?» አልኳት። «ኬተኪ፣ የቱ ፓንቹ?»

እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላውቅም። የምጠብቀውን ያህል ጠበቅኩ።

«ሁለቱም» አለች። «ልጁ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር ነበር ኳሷ መትታው የገባችው፣ አባባ።»

መራቂህ አናዲናት